ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ በ90 ይፈላል፦ ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝን በቤት ዕቃ ለመፈተሽ ዝርዝር መመሪያ

ነገሩ የጀመረው በቤት ሥራ ነው። ስድስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ «ውሃ በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል?» የሚል ጥያቄ ይዛ መጣች። መልሱን ልነግራት አፌን ስከፍት «አባዬ፣ ቴርሞሜትር አለህ አይደል? ለምን አንለካውም?» አለችኝ። ለካነው። ውሃው እየተንተከተከ ቴርሞሜትሩ 90 ላይ ቆመ። እሳት ጨመርን። ንቅንቅ የለም። 90 ብላ ጻፈች። በማግስቱ ደብተሯ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎበት መጣ። ከጎኑ 100 ተብሎ ታርሟል።

መጽሐፉ አልተሳሳተም። ልጄም አልተሳሳተችም። መጽሐፉ የሚያወራው ባሕር ጠለል ላይ ስለሚፈላ ውሃ ነው። እኛ ያለነው ደግሞ ደብረ ብርሃን፣ 2,840 ሜትር ላይ ነው። ይህን ለማስረዳት ስሞክር ግን አንድ ነገር ገባኝ። ልጅቷን ያስገረማት 90 መሆኑ አልነበረም። ያስገረማት መቆሙ ነው። «እሳት እየጨመርን ሙቀቱ የት ይሄዳል?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ማዕድ ቤታችን ላቦራቶሪ ሆነ። ከዚህ በታች ያሉት በራሳችን ቤት የሞከርናቸው ናቸው። ሰሜን ሸዋ ለዚህ ነገር የተመቸ አገር ነው። ውርጩ ደጃፋችን ላይ ነው፣ ቆላው ደግሞ በግማሽ ቀን አውቶቡስ ይደረሳል።

መጀመሪያ ዕቃውን አዘጋጁ

ገንዘብ የሚያስወጣችሁ ቴርሞሜትሩ ብቻ ነው። ቀይ ፈሳሽ ያለበትና እስከ 110 የሚለካ የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር፣ ወይም ለምግብ የሚሆን ዲጂታል ፈልጉ። የትኩሳት መለኪያው አይሆንም። እሱ 42 ላይ ያበቃል፤ ፍል ውሃ ውስጥ ከገባ ይሰነጠቃል። በተለይ የብር ቀለም ያለው ፈሳሽ ያለበት አሮጌ ከሆነ ጭራሽ አትንኩት። ውስጡ ሜርኩሪ ነው፤ መርዝ ነው።

ሌላው ቤት ያለ ነገር ነው። ድስት፣ ሦስት ሲኒ፣ ኩባያ፣ የኩሽና ሚዛን፣ ጨው፣ ትንሽ ቅቤ፣ ትንሽ የበግ ሞራ፣ የጧፍ ቁራጭ፣ ባዶ ሃይላንድ፣ ደብተር። ደብተሩን አትናቁት። ልጆች ቁጥሩን በየደቂቃው ካልጻፉት «ቆመ» የሚለው ነገር አይታያቸውም።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። በከሰል የምትሠሩ ከሆነ ደጅ ሥሩ፣ ወይም በሩንም መስኮቱንም ክፈቱ። እኛ አገር ብርድ ሲጠና ከሰል ይዞ ወደ መኝታ ቤት የመግባት አመል አለ። ከሰሉ የሚያወጣው ገዳይ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ተኝቶ የቀረ ሰው ስንት ነው።

ጤፍ ጠጣር ነው ወይስ ፈሳሽ?

ልጆችን ይህን ጠይቁና ተዉአቸው። ይጨቃጨቃሉ። ጤፍ ከቁና ወደ ጆንያ ሲገለበጥ እንደ ውሃ ይፈሳል። የጆንያውን ቅርጽ ይይዛል። ታዲያ ፈሳሽ ነው? አይደለም። አንዷን ፍሬ አንሱና መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡ። ቅርጿን ይዛ ትቀመጣለች። የሚፈሰው ክምሩ ነው፤ እያንዳንዷ ፍሬ ጠጣር ናት። ጨውም፣ ስኳርም፣ ዱቄትም እንደዚሁ።

ከቻላችሁ ጥቂት የጠረጴዛ ጨው ጥቁር ወረቀት ላይ በትኑና በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ እዩት። አብዛኛው ፍሬ ትንንሽ ሳጥን ይመስላል። ማንም አልጠረበውም። ጨው የተሠራባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች በሥርዓት፣ አንዱ በአንዱ ጎን ተደርድረው ስለተያያዙ ነው ውጪው እንደዚያ የሚወጣው።

ለልጄ የነገርኳት በታክሲ ነው። ጠጣር ማለት ሰው የታጨቀበት ሚኒባስ ነው። ሁሉም ቦታው ላይ ነው፣ ግን መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይወዛወዛል። ፈሳሽ የገበያ ቀን ግርግር ነው። ሰው ከሰው አይለያይም፣ እየተጋፋ ግን ይተላለፋል። ጋዝ ደግሞ የመውጫ ደወል የተደወለላቸው ተማሪዎች ናቸው። ማንም ማንንም አይጠብቅም። ሙቀት ስትጨምሩ ውዝዋዜው ይጨምራል። የሆነ ቦታ ላይ ሚኒባሱ አይችልም፤ በሩ ይከፈታል። ያ መቅለጥ ነው።

ያለ ፍሪጅ በረዶ መሥራት

ይህ የሚሆነው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። ገበሬው ቀድሞ ያውቀዋል። ደመና ያለበት ሌሊት ውርጭ የለም።

ሁለት ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ሳህን ውሰዱ። እያንዳንዳቸው ላይ አንድ ሴንቲሜትር የማይሞላ ውሃ አድርጉ። ደጅ፣ ገላጣ ቦታ ላይ ጭድ በደንብ ከምሩና አንዱን ሳህን ላዩ ላይ አስቀምጡ። ጭድ ከሌለ የታጠፈ ጆንያ ይሆናል። ሥራው ከመሬት የሚመጣውን ሙቀት መከልከል ነው። ሁለተኛውን ሳህን በተመሳሳይ ጭድ ላይ፣ ግን በረንዳ ጣሪያ ሥር አድርጉት። ማታ 12 ሰዓት ላይ አስቀምጡ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትነካው እዩት።

እኛ ሦስት ሌሊት ሞከርን። የመጀመሪያው ቀን ደመና ነበረና ከሸፈ። ሁለተኛው ቀን ገላጣው ላይ ያለው ሳህን ዳር ዳሩ ብቻ ተያዘ። ሦስተኛው ሌሊት ግን ሙሉውን ረጋ። ልጄ ጣቷን ስታሳርፍበት እንደ መስታወት «ቀጭ» አለ። ውስጡ ከዳር ወደ መሃል የተዘረጉ ረዣዥም መርፌ መሳይ መስመሮች ነበሩት። ጣሪያ ሥር ያለው ውሃ ሦስቱንም ቀን ውሃ እንደሆነ አደረ።

ልዩነቱ ጣሪያው ነው። ሁሉም ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ወደ ላይ ይረጫል። ጥርት ያለና ደረቅ ሰማይ ያንን ሙቀት ውጦ ያስቀራል። ደመና ወይም ጣሪያ ካለ ግን ከፊሉን ይመልሰዋል። ስለዚህ አየሩ ከዜሮ ትንሽ በላይ ሆኖ እንኳ ሳህኑ ላይ ያለው ውሃ ሊረጋ ይችላል። ኢራንና ሕንድ ውስጥ ፍሪጅ ከመምጣቱ በፊት ሰዎች በዚሁ ዘዴ በረዶ ያመርቱ ነበር። እኛ በብርዱ ስናማርር ኖረን አንድ ኩባያ በረዶ እንኳ አላስወጣነውም።

ያንን በረዶ ውሃ ላይ ጣሉት። ይንሳፈፋል። ተለምዶ ነው እንጂ ይህ እንግዳ ነገር ነው። አብዛኛው ነገር ሲጠጥር ይጨማደዳል፤ ውሃ ግን ሲረጋ በ9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ለማየት ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ውሃ አድርጉና ልኩን በማርከር አስምሩ። ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። 10 ሴንቲሜትር የነበረው ወደ 11 ይጠጋል። በጠርሙስ ግን እንዳትሞክሩት። እኔ ዓምና እንግዳ መጣብኝ ብዬ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ፍሪዘር ውስጥ ከትቼ ረሳሁት። ጠዋት ስከፍተው መስታወቱ ተበታትኖ ሥጋው ላይ ተጣብቋል። ያንን ሁሉ ሥጋ ጣልነው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ቴርሞሜትሩ ለምን ይቆማል?

የዚህ መመሪያ ልብ ይህ ነው። ጊዜ ሰጥታችሁ ሥሩት።

በረዶ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልሉና ቀጥቅጡት። ኩባያ ሙሉ አድርጉና ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩበት። ቴርሞሜትሩን አስገቡና በማንኪያ እያማሰላችሁ በየደቂቃው ጻፉ። ወደ 0 ይወርድና እዚያ ይቀመጣል። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ 0። በረዶው እያነሰ ነው፣ ውሃው እየበዛ ነው፣ ቁጥሩ ግን አይነቃነቅም። የመጨረሻዋ ቁራጭ ስትጠፋ መውጣት ይጀምራል። በነገራችን ላይ የቴርሞሜትራችሁን ልክነት የምትፈትሹትም በዚህ ነው። ቀላጭ በረዶ ውስጥ 2 ካለ ሁልጊዜ 2 ቀንሱለት።

ያ ሁሉ ደቂቃ ክፍሉ ኩባያውን ሲያሞቀው ነበር። ሙቀቱ ገብቷል። ግን ውሃውን ለማሞቅ ሳይሆን በረዶውን ለመፍታት ዋለ። የሚኒባሱን በር ለመክፈት እንበለው። ምን ያህል እንደዋለ ለማየት ደግሞ ይህን አድርጉ።

1. አንድ ኩባያ ላይ 200 ግራም የበረዶ ውሃ መዝኑ። በረዶ የሌለበት፣ 0 ዲግሪ ወይም ለ0 የቀረበ ውሃ ይሁን።
2. ሌላ ኩባያ ላይ 200 ግራም በረዶ መዝኑ። ከፍሪዘር እንደወጣ ሳይሆን ላዩ መርጠብ ሲጀምር።
3. ውሃ አፍሉና 80 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቁት። ለሁለቱም ኩባያ 200፣ 200 ግራም ጨምሩና አማስሉ። ይህን አዋቂ ያድርገው።

የመጀመሪያው ኩባያ 40 አካባቢ ይሆናል። ማንም ይገምተዋል፤ የ0ና የ80 እኩሌታ ነው። ሁለተኛው ግን ልጆቹን ያስጮኻል። 80 ዲግሪ የነበረው ውሃ በረዶውን አቅልጦ ለ0 የቀረበ ነገር ሆኖ ይቀራል። እኛ 3 አገኘን። ጣት የሚያቃጥል ውሃ የነበረውን ሙቀት ሁሉ በረዶውን ለማቅለጥ ብቻ ከፈለው። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ሙቀት ያንኑ አንድ ኪሎ ውሃ ከ0 እስከ 80 ከሚያደርሰው ጋር እኩል ነው። ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ ይህን የተደበቀ ሙቀት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው የለየው።

ቅቤ፣ ሞራ፣ ሰም

አሁን ደግሞ እንደ በረዶ ቁርጥ ያለ ቁጥር የሌላቸውን እንይ። ሰፊ ድስት ላይ ሦስት ጣት የሚያህል ውሃ አድርጉ። ሦስቱን ሲኒዎች ቁሙአቸው። በአንዱ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል ቅቤ፣ በሁለተኛው ሞራ፣ በሦስተኛው የጧፍ ሰም። እሳቱን ለስለስ አድርጋችሁ የውሃውን ሙቀት ተከታተሉ።

ቅቤው 30 አለፍ ሲል መንሸራተት ይጀምራል፤ 35 ላይ አልቆለታል። ሞራው ከ45 እስከ 50 ድረስ ያስቸግራል። ሰሙ ከሁሉ በኋላ ነው። ንጹህ የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ላይ ይቀልጣል። የእናንተ ጧፍ ቀደም ብሎ ከፈሰሰ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። ቅቤና ሞራ «እዚህ ላይ ቀለጡ» የማይባሉት የብዙ ዓይነት ቅባት ድብልቅ ስለሆኑ ነው። አንዱ ሲቀልጥ ሌላው ገና ነው።

ይህ ቁጥር ምላሳችሁ ላይ አለ። የሰው ሰውነት 37 ዲግሪ ነው። ቅቤ ከዚያ በታች ስለሚቀልጥ አፍ ውስጥ ይሟሟል። የበግ ሞራ ከዚያ በላይ ነው። ለዚህ ነው የመንዝ በግ ጥብስ ሳይበሉት ከበረደ ላንቃ ላይ የሚለጠፈው። ሸክላው ሥር ፍም የሚደረገውም ለጌጥ አይደለም። የላቱ ስብ ደግሞ ከኩላሊቱ ሞራ ለስለስ ያለ ነው። ሁለቱን በአንድ ላይ ሞክሩና የትኛው ቀድሞ እንደሚለቅ እዩ።

ሲኒዎቹን ሳትነኩ አቀዝቅዙአቸው። ሰሙ ሲረጋ መሃሉ ይጎደጉዳል። በረዶው አብጦ ነበር፤ ይህኛው ተጨማደደ። ፈሳሽ ሰም ላይ ጠጣር ሰም ብትጥሉ ይሰምጣል።

ሰምም ሆነ ቅባት በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱ፤ ሁልጊዜ እንዲህ በውሃ ላይ። ቢቀጣጠል ደግሞ ክዳን ክደኑበት እንጂ ውሃ እንዳታፈሱበት። ውሃው ከሥር ገብቶ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ከውሃው ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል፤ የሚነደውን ቅባት ጣሪያ ድረስ ይበትነዋል።

ስለ ማርም አንድ ነገር ልበል። ብርድ ሲመጣ ማሩ ጠጥሮ ስኳር ስኳር ሲል «ስኳር ጨምረውበት ነው» ብሎ ነጋዴውን መሳደብ የተለመደ ነው። መጠጠሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ንጹህ ማርም በብርድ ይጠጥራል፤ በውስጡ ያለው የተፈጥሮ ስኳር ነው ፍሬ የሚሠራው። ዕቃውን ለብ ያለ፣ ከ40 የማይበልጥ ውሃ ውስጥ አቁሙት። ቀስ ብሎ ይመለሳል።

አንጥረኛስ? ቀጥቃጩ ማረሻ ሲሠራ ብረት ያቀልጣል የሚመስለው ብዙ ነው። አያቀልጥም። ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ነው፤ የወናፉ እሳት የሚያደርገው አቅልቶ ማለስለስ ነው። ወርቅ አንጣሪው ግን በእርግጥ ያቀልጣል። ወርቅ በ1,064፣ ብር በ962። የድስታችን አሉሚኒየም ደግሞ በ660 ይቀልጣል። ውሃ እስካለበት ድረስ የድስቱ ቂጥ ከውሃው ብዙም አይበልጥም፤ እሳቱ የሚያመጣውን ውሃው እየተቀበለ በእንፋሎት ይሸኘዋል። ውሃው ሲያልቅ ነው ጉዱ።

አሁን እናፍላ

ግማሽ ድስት ውሃ ጣዱ። ቴርሞሜትሩን ከእንጨት ላይ በክር አስራችሁ አንጠልጥሉት፤ ጫፉ የድስቱን ወለል እንዳይነካ። በየደቂቃው ጻፉ።

ውሃው ገና ለብ ሲል ድስቱ ግድግዳ ላይ ጥቃቅን አረፋ ይለጠፋል። ያ እንፋሎት አይደለም፤ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ነው። ቀጥሎ ውሃው መዝፈን ይጀምራል። ድምፁ ከሥር ተፈጥረው ላይ ሳይደርሱ የሚከስሙ አረፋዎች ነው። ድምፁ ሲለዝብ፣ ትልልቅ አረፋ ላይ ድረስ ወጥቶ ሲፈነዳ፣ ያኔ ፈላ። ደብረ ብርሃን ላይ 90 ወይም 91 ታነባላችሁ። ከዚህ በኋላ እሳቱን እጥፍ አድርጉት። አይጨምርም።

አረፋው እንዲኖር ከላይ የተጫነውን አየር መግፋት አለበት። እኛ ጋ አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃው ቶሎ ያሸንፈዋል። በግምት በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። የአካባቢያችሁን ከፍታ በ300 አካፍሉና ከ100 ላይ ቀንሱ። ስዊድናዊው ሴልሺየስ በ1742 መለኪያውን ሲያወጣ የመፍላት ነጥብ ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ ያውቅ ነበር። እንዲያውም የመጀመሪያው መለኪያው የተገላቢጦሽ ነበር፤ 0 የሚፈላበት፣ 100 የሚረጋበት። ልጄ ይህን ስትሰማ «እሱም ኤክስ ይገባዋል» አለች።

ለኑሮ የሚጠቅመው ይህ ነው። ባቄላው የሚበስለው በ90 ነው እንጂ በ100 አይደለም። ስለዚህ እሳት ማብዛት ጥቅም የለውም፤ ጊዜ ነው የሚያስፈልገው። ንፍሮውን ከማታው ዘፍዝፉት። ከፈላ በኋላ እሳቱን ዝቅ አድርጉ። 15 ዲግሪ የሆነ የቧንቧ ውሃ እስኪፈላ ከሚወስደው ሙቀት ይልቅ፣ ያንኑ ውሃ አትንኖ ለመጨረስ የሚወስደው ከ7 እጥፍ በላይ ነው። ተንተክትኮ የሚወጣው እንፋሎት የእናንተ ከሰል ነው። ወጥ ላይ ቁንጥር ጨው ጣል ማድረግም ሙቀቱን ከፍ አያደርገውም። በአንድ ሊትር ላይ 58 ግራም ጨው ጨምራችሁ ወደ 1 ዲግሪ ብቻ ነው የምታገኙት፤ ያንን ማን ይበላዋል?

ደኒ ፓፓን የተባለ ፈረንሳዊ በ1679 መላ አመጣ። ክዳኑን ጠርቅሞ እንፋሎቱን አፈነው። የእኛው ፕሬዠር ማለት ነው። ግፊቱ ሲጨምር ውሃው ደብረ ብርሃንም ላይ ሆኖ ከ110 በላይ ይደርሳል። ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው ከቴሌቪዥን በፊት መገዛት ያለበት ዕቃ ነው ባይ ነኝ።

የሚጠጣ ውሃ የምታፈሉ ደግሞ ይህን ያዙ። 90 ዲግሪ ተሐዋሲያንን ይገድላል። ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ላለ ሰው የሚመከረው ውሃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ቆላ 1 ደቂቃ ይበቃል።

እንፋሎቱን መልሶ መያዝ

ቡና ሲፈላ የጀበናውን አፍ ተጠግታችሁ እዩ። ፊታችሁን ግን አታቅርቡ። ከአፉ ወዲያው ላይ ግማሽ ጣት የምታህል ባዶ የምትመስል ቦታ አለች። ነጩ ነገር የሚጀምረው ከዚያ በላይ ነው። እውነተኛው እንፋሎት ያ የማይታየው ነው። ነጩ፣ ቀዝቅዞ ተመልሶ ጠብታ የሆነ ውሃ ነው። ያቺ ባዶ የምትመስል ቦታ ከፍል ውሃ የከፋ ታቃጥላለች፤ የተሸከመችውን ያንን ሁሉ የተደበቀ ሙቀት ቆዳ ላይ ታራግፋለች።

ለመያዝ፣ ድስት ላይ ጨዋማ ውሃ አድርጉ። መሃሉ ላይ ንጹህ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ ሲኒ አስቀምጡ። ክዳኑን ገልብጣችሁ፣ እጀታው ወደ ታች ሆኖ በሲኒው ትክክል እንዲመጣ ክደኑት። የተገለበጠው ክዳን ላይ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉ። በትንሽ እሳት 20 ደቂቃ። እንፋሎቱ ክዳኑን ሲነካ ውሃ ይሆናል፣ ወደ እጀታው ይንሸራተታል፣ ሲኒው ውስጥ ጠብ ይላል። ቅመሱት። ጨው የለውም። ጨው የሚቀልጠው እንኳ በ801 ዲግሪ ነው፤ በዚህ እሳት የትም አይሄድም። ውሃ ውስጥ የጠፋው ሟሙቶ እንጂ ቀልጦ አልነበረም። ልጆች እነዚህን ሁለቱን ሁልጊዜ ያደባልቃሉ፤ አማርኛችንም ስኳሩ «ቀለጠ» እያለ ያግዛቸዋል።

የደብረ ብርሃን አረቄ አውጪዎች የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ እንፋሎቱን በመቃ ወስደው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወዳለ ዕቃ ይሰዱታል። እናንተ ግን በውሃው ተወሰኑ። የአልኮል እንፋሎት እሳት ይይዛል።

ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ የሚበንም አለ። ቁም ሣጥን ውስጥ የምንጥላት ነጭ ናፍታሊን ከወር ወደ ወር የምታንሰው እንደዚያ ነው። ከሥሯ እርጥብ ነገር አታገኙም። መጠኗን በየሳምንቱ ለኩ፤ እሳት ላይ ግን አታድርጓት፣ ሽታዋ ጤና አይደለም። ከልጆች እጅም አርቋት።

ባዶ ሃይላንድ ይዞ ጣርማ በርን መውረድ

ይህን የሞከርነው እህቴን ልንጠይቅ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ነው። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ግን ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣና ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ላይ ያወርዳል። ጋዝን ለማየት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ባዶና ደረቅ ባለአንድ ሊትር ሃይላንድ ያዙ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ዋሻ አጠገብ ስትደርሱ ክዳኑን ክፈቱ፣ የዚያን አገር አየር ይሙላበት፣ አጥብቃችሁ ዝጉት። ከዚያ አትንኩት። ብቻ ጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩት።

ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ አየንና «ጋሼ፣ ባዶ ሃይላንድ ምን ያደርግልዎታል? ልጣለው?» አለኝ። ልጄ እቅፍ አደረገችው። ደብረ ሲና ሳንደርስ አንድ ጎኑ «ቋ» ብሎ ገባ። አጣዬ የሚሄዱ አንዲት እናት «ማን ረገጠው?» አሉ። ሸዋ ሮቢት ስንገባ ሁለቱ ጎኖቹ ሊነካኩ ደርሰው ነበር። ማንም አልጨመቀውም። የጨመቀው አየሩ ነው፤ ውስጡ የደጋ ስስ አየር፣ ውጪው የቆላ ወፍራም አየር። ለእህቴ በጣሳ የያዝኩላት ቅቤም ጠዋት ቢላዋ የሚያጣምም ድንጋይ ነበር። ስንደርስ ዘይት ሆኖ በክዳኑ ዙሪያ ወጥቶ ሻንጣዬን አበላሽቶታል። እህቴ «ቅቤውን ለሻንጣው ነው ያመጣኸው?» አለች።

እዚያው ማዕድ ቤት ውሃ ጣድን። ልጄ ቴርሞሜትሩን ራሷ አንጠለጠለችው። 95 ተኩል ላይ ቆመ። ደብተሯን አወጣችና ኤክስ የተደረገበትን ገጽ ገለጠች። በ90 ጎን «ደብረ ብርሃን»፣ በ100 ጎን «ባሕር ዳር ያለ አገር» ብላ ጻፈች፤ መሃላቸው «ሸዋ ሮቢት፣ 95.5»።

ሃይላንዱን እንደተዘጋ ይዘነው ተመለስን። ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው መወጠር ጀመረ። ዋሻው ጋ ስንደርስ የተጎደጎደው ጎኑ «ጧ!» ብሎ ወጣ። ሹፌሩ ጎማ የፈነዳ መስሎት ፍሬን ያዘ።